የአይሶመር ዓይነቶችን ሳያምታቱ መለየት፦ በወረቀት፣ በድንችና በሽምብራ

ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሳስጠና ከዓመት ዓመት የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «እነዚህ ሁለት ሥዕሎች አይሶመር ናቸው ወይስ ያው አንድ ሞለኪውል? አይሶመር ከሆኑስ የትኛው ዓይነት?» አይሶመር ማለት የአቶሞቹ ዓይነትና ብዛት ከሌላው ጋር እኩል ሆኖ አደረጃጀታቸው የሚለያይ ሞለኪውል ነው። ጠያቂዎቹ የአይሶመር ዓይነቶችን ዝርዝር በቃላቸው የሚወጡ ተማሪዎች ናቸው። ስሙን ያውቁታል፤ የጎደላቸው ምን ከምን ቀድሞ እንደሚጠየቅ ነው።

የምትጠይቁት ሦስት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ የአቶሞቹ ዓይነትና ብዛት እኩል ነው? ሁለተኛ፣ የትኛው አቶም ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ አንድ ነው? ሦስተኛ፣ አያያዛቸው አንድ ከሆነ፣ አቶሞቹ ወደ የት አቅጣጫ እንደሚዞሩ አንድ ነው? ለመጀመሪያው «አይደለም» ካላችሁ ነገሩ አይሶመር አይደለም። ለሁለተኛው «አይደለም» ካላችሁ መዋቅራዊ አይሶመር ነው፤ ወደ ሦስተኛው መሄድ አያስፈልግም። ለሦስተኛው «አይደለም» ካላችሁ ስቴሪዮአይሶመር ነው። ሦስቱንም «አዎ» ካላችሁ አንድን ሞለኪውል ሁለት ጊዜ ሥላችኋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ሳይሳሳቱ ለመመለስ የሚረዳ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ወረቀት፣ እርሳስና ጥሩ ላጲስ
- ካርቦንን የሚወክሉ 8 ትንንሽ የጥሬ ድንች ቁራጮች
- ኦክስጅንን የሚወክሉ 2 የቀይ ሥር ቁራጮች
- ሃይድሮጅንን የሚወክል ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያደረ ሽምብራ፣ 20 ፍሬ
- ትስስርን የሚወክል ስቴኪኒ፣ 28 በቂ ነው፤ የሚሰበር ስለማይጠፋ ግን 35 ያዙ
- ትንሽ የእጅ መስታወት

ቁጥሩን እንዲሁ አልገመትኩትም። በደረጃ 7 ላይ ባለ 4 ካርቦን፣ ባለ 10 ሃይድሮጅንና ባለ 1 ኦክስጅን ሞለኪውል ሁለት ጊዜ ትሠራላችሁ። አንዱ 15 አቶምና 14 ትስስር አለው።

ሽምብራው ካልራሰ ስቴኪኒው አይገባም፤ ከተቀቀለ ደግሞ ይፈረካከሳል። ድንቹን በዚያው ቀን ቁረጡት፤ ካደረ ይጠወልግና ስቴኪኒውን አይይዝም። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ስቴኪኒውንና ሽምብራውን ቆጥራችሁ አንሡ።

ሞዴል ሳይሠሩ በወረቀት ብቻ ማጥናት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁኛል። እስከ ደረጃ 5 ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን ወረቀት ጠፍጣፋ ነው፤ ሞለኪውል ግን አይደለም። አራት ነጠላ ትስስር ያለው ካርቦን ትስስሮቹን በወረቀት ላይ እንደምንሥለው በመስቀል ቅርጽ አይዘረጋም። ሦስቱ እንደ በርጩማ እግር ወደ ታች ይዘረጋሉ፣ አራተኛው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይቆማል፤ በማናቸውም ሁለቱ መካከል ያለው ማዕዘን 109.5 ዲግሪ ገደማ ነው። ስቴኪኒዎቹን ድንቹ ላይ ስትሰኩ ይህን ቅርጽ ጠብቁ።

ደረጃ 1፦ አቶሞቹን ቁጠሩ

በመስመር ሥዕል ላይ እያንዳንዱ ማዕዘንና እያንዳንዱ ጫፍ አንድ ካርቦን ነው፤ በላዩ ያሉት ሃይድሮጅኖች አይጻፉም። ካርቦን አራት ትስስር ስላለው፣ ከእርሱ የሚወጡትን መስመሮች ከ4 ላይ ቀንሱ፤ የቀረው የሃይድሮጅኑ ብዛት ነው። ድርብ ትስስር እንደ ሁለት መስመር ይቆጠራል።

ይህን ደረጃ የሚዘል ብዙ ነው። ቡቴን (4 ካርቦን፣ 10 ሃይድሮጅን) እና ቡቲን (4 ካርቦን፣ 8 ሃይድሮጅን) በስምም በሥዕልም ስለሚቀራረቡ «አይሶመር ናቸው» ተብሎ ይጻፋል። አይደሉም። የሁለት ሃይድሮጅን ልዩነት ካለ ጥያቄው እዚያው ያበቃል።

ደረጃ 2፦ የጎደለውን ሃይድሮጅን አስሉ

ቀመር ተሰጥቷችሁ «አይሶመሮቹን ሁሉ ጻፉ» ከተባላችሁ ከመሣል በፊት ይህን ሥሩ። የካርቦኑን ብዛት በ2 አባዙ፣ 2 ጨምሩ፣ ያለውን ሃይድሮጅን ቀንሱ፣ ውጤቱን ለ2 አካፍሉ። ኦክስጅን አይቆጠርም። ክሎሪንና ብሮሚን እንደ ሃይድሮጅን ይቆጠራሉ። ናይትሮጅን ካለ ለእያንዳንዱ 1 ደምሩ፣ ከዚያ አካፍሉ።

ለ4 ካርቦንና ለ8 ሃይድሮጅን፦ 8 ሲደመር 2 ዐሥር፣ ሲቀነስ 8 ሁለት፣ ለ2 ሲካፈል 1። ይህ 1 ማለት በሞለኪውሉ ውስጥ አንድ ድርብ ትስስር ወይም አንድ ቀለበት አለ ማለት ነው። «ወይም» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። ከተማሪዎች እጅ ከሚጠፉት አይሶመሮች አብዛኞቹ ቀለበቶች ናቸው፤ የሚጠፉትም ይህ ስሌት ስላልተሠራ ነው። ውጤቱ 0 ከሆነ ደግሞ ድርብ ትስስርም ቀለበትም የለምና በከንቱ አትፈልጉ።

ደረጃ 3፦ የካርቦን አጽሞችን በሥርዓት አውጡ

ሃይድሮጅኑን ለጊዜው ተዉት። ካርቦኖቹን ሁሉ በአንድ ቀጥ ያለ ሰንሰለት ጻፉ። ቀጥሎ ሰንሰለቱን በአንድ ካርቦን አሳጥሩና የተረፈውን ካርቦን በውስጥ ባሉት ካርቦኖች ላይ በየተራ ቅርንጫፍ አድርጉ። ከዚያ በሁለት አሳጥሩ። እንዲህ እያላችሁ ሰንሰለቱ ቅርንጫፎቹን መሸከም እስኪያቅተው ቀጥሉ።

በ5 ካርቦን እንየው። ቀጥ ያለው ፔንቴን ነው። በአንድ ሲያጥር 2-ሜቲልቡቴን ይወጣል (ሜቲል ማለት ባለአንድ ካርቦን ቅርንጫፍ ነው)። በሁለት ሲያጥር 2፣2-ዳይሜቲልፕሮፔን ይገኛል። በቃ፣ ሦስት ናቸው። የሚለያዩት በሰንሰለታቸው ስለሆነ የሰንሰለት አይሶመር ይባላሉ፤ ልዩነታቸውም የወረቀት ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው በ36፣ ሁለተኛው በ28፣ ሦስተኛው በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈላሉ። ቅርንጫፍ የበዛበት ሞለኪውል ወደ ክብነት ስለሚጠጋ ከጎረቤቱ ጋር የሚነካካበት ገጽ ያንሳል፤ ስለዚህ ለመለያየት የሚፈልገው ሙቀት ይቀንሳል።

እዚህ ሁለት ወጥመዶች አሉ። ቅርንጫፉን በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ብታደርጉት ቅርንጫፍ አይሆንም፤ ሰንሰለቱን መልሳችሁ አስረዘማችሁት። ሰንሰለቱን ወደ ታች አጥፎ መሣልም አዲስ ሞለኪውል አይፈጥርም፤ ነጠላ ትስስር ይዞራልና። ጣታችሁን ከአንዱ ጫፍ አስነሥታችሁ ሳታነሡ የምትሄዱበትን ረጅሙን መንገድ ቁጠሩ፤ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢጠማዘዝ እውነተኛው ሰንሰለት እርሱ ነው።

ሥርዓት የሚያስፈልገው ቁጥሩ በፍጥነት ስለሚያድግ ነው። 6 ካርቦን ላለው አልኬን (ነጠላ ትስስር ብቻ ያለውና ቀለበት የሌለው የካርቦንና የሃይድሮጅን ውሁድ) 5፣ ለ7 ዘጠኝ፣ ለ8 ዐሥራ ስምንት፣ ለ10 ደግሞ 75 መዋቅራዊ አይሶመሮች አሉ። እንደመጣላችሁ እየሣላችሁ 9 ላይ ልትደርሱ ትችሉ ይሆናል፤ 18 ላይ ግን አትደርሱም።

ደረጃ 4፦ ፈንክሽናል ግሩፑን በየተለያየው ቦታ አስቀምጡ

ፈንክሽናል ግሩፕ ማለት ለሞለኪውሉ ኬሚካላዊ ጠባዩን የሚሰጠው የአቶሞች ቡድን ነው። 4 ካርቦን፣ 10 ሃይድሮጅንና 1 ኦክስጅን ያለውን ቀመር ውሰዱ። ደረጃ 2 ዜሮ ይሰጣል፤ ስለዚህ ያሉት አልኮሎች (ኦክስጅኑ በካርቦንና በሃይድሮጅን መካከል ያለባቸው) እና ኢተሮች (ኦክስጅኑ በሁለት ካርቦኖች መካከል ያለባቸው) ብቻ ናቸው።

አልኮሎቹን ስትፈልጉ በቀጥታው አጽም ላይ አራት ካርቦን ቢኖርም የተለያየው ቦታ ሁለት ብቻ መሆኑን አስተውሉ፤ ከግራ ሁለተኛው ከቀኝ ሦስተኛው ነው። ስለዚህ 1-ቡታኖልና 2-ቡታኖል ይወጣሉ። በቅርንጫፋማው አጽምም ሁለት ቦታ አለ፤ ጫፍና መሐል። 2-ሜቲል-1-ፕሮፓኖልና 2-ሜቲል-2-ፕሮፓኖል ይሆናሉ። በአንድ አጽም ላይ ግሩፑ ቦታ ብቻ ከቀየረ የቦታ አይሶመር እንላለን።

ለኢተሮቹ ኦክስጅኑን በካርቦኖቹ መካከል አስገቡና አራቱን ካርቦን ለሁለት ወገን አካፍሉ። 2 ለ2 አንድ ይሰጣል፤ እርሱም ዳይኢቲል ኢተር ነው። 1 ለ3 ግን ሁለት ይሰጣል፤ ባለሦስት ካርቦኑ ወገን በጫፉ ወይም በመሐሉ ሊያያዝ ይችላልና። ይህቺ ሁለተኛዋ ብዙ ጊዜ ትረሳለች። ድምሩ 4 አልኮልና 3 ኢተር፣ በአጠቃላይ 7 ነው።

አልኮልና ኢተር እርስ በርስ የፈንክሽናል ግሩፕ አይሶመር ናቸው። 1-ቡታኖል በ118 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ ዳይኢቲል ኢተር ግን በ35 ይፈላል። አልኮሉ ኦክስጅን ላይ የተያያዘ ሃይድሮጅን ስላለው ሞለኪውሎቹ በሃይድሮጅን ትስስር ይያያዛሉ፤ ኢተሩ ይህ የለውም።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ልዩነት በቤተ ሙከራ ለማየት ብላችሁ የኢተር ጠርሙስ ከፍታችሁ አታሽቱ፣ በእሳት አጠገብም አትክፈቱ። ትነቱ ራስ ያዞራል፣ ያደነዝዛል፤ ከአየር ስለሚከብድ በጠረጴዛው ላይ ተስቦ ሄዶ ራቅ ካለ ነበልባል እሳት ሊያያዝ ይችላል።

ደረጃ 5፦ የተደገመውን አስወግዱ

ሁለት ሥዕል አንድ መሆን አለመሆናቸውን ለማጣራት ለእያንዳንዱ ካርቦን ስንት ካርቦን ጎረቤት እንዳለው ጻፉ። ዝርዝሮቹ ከተለያዩ ሞለኪውሎቹ በእርግጥ ይለያያሉ።

ነገር ግን ዝርዝሩ እኩል ስለሆነ ብቻ «አንድ ናቸው» አትበሉ። 2-ሜቲልፔንቴንና 3-ሜቲልፔንቴን ሁለቱም ሦስት ባለአንድ ጎረቤት፣ ሁለት ባለሁለት ጎረቤትና አንድ ባለሦስት ጎረቤት ካርቦን አላቸው፤ ቢሆንም የተለያዩ ናቸው። የመጨረሻው ዳኛ ስም ነው፦ ረጅሙን ሰንሰለት አግኙ፣ ቅርንጫፉ ወደሚቀርብበት ጫፍ ቁጥር ጀምሩ፣ ስሙን ጻፉ። ስማቸው አንድ ከሆነ አያያዛቸው አንድ ነው። 4-ሜቲልፔንቴን የሚል ስም ከወጣላችሁ ከተሳሳተው ጫፍ ቆጥራችኋል፤ 2-ሜቲልፔንቴን ነው።

ደረጃ 6፦ ድርብ ትስስር ካለ ሲስና ትራንስን ፈትሹ

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ገብተናል። ሁለት ድንቾችን በአንድ ስቴኪኒ አያይዛችሁ አንዱን አዙሩት፤ ይዞራል። አሁን በሁለት ጎን ለጎን በሆኑ ስቴኪኒዎች አያይዟቸው፤ አይዞርም። ሲስና ትራንስ የሚባለው ነገር መነሻው ይኸው ነው፤ ተመሳሳዮቹ ቅርንጫፎች በአንድ ወገን ከሆኑ ሲስ፣ በተቃራኒ ወገን ከሆኑ ትራንስ ይባላል።

መፈተሻው፦ በድርብ ትስስሩ ላይ ያሉት ሁለቱም ካርቦኖች እያንዳንዳቸው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን መያዝ አለባቸው። 2-ቡቲን ያሟላል፤ እያንዳንዱ ካርቦን አንድ ሃይድሮጅንና አንድ ሜቲል ይዟል። 1-ቡቲን አያሟላም፤ የጫፉ ካርቦን ሁለት ሃይድሮጅን ይዟልና ብትገለብጡት ለውጥ የለም። አንዱን ካርቦን ብቻ አይቶ «አለው» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው።

ስለዚህ ለ4 ካርቦንና ለ8 ሃይድሮጅን መዋቅራዊ አይሶመሮቹ 5 ናቸው፦ 1-ቡቲን፣ 2-ቡቲን፣ 2-ሜቲልፕሮፒን፣ ሳይክሎቡቴንና ሜቲልሳይክሎፕሮፔን። 2-ቡቲን ለሁለት ሲከፈል 6 ይሆናሉ። ሲስ የሚባለው በ4፣ ትራንሱ በ1 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል።

ቀለበትም እንደ ድርብ ትስስር መዞርን ይከለክላል፤ ስለዚህ በሁለት የተለያዩ የቀለበት ካርቦኖች ላይ ቅርንጫፍ ካለ ሲስና ትራንስን እዚያም ፈልጉ።

ይህ ልዩነት በኬሚካላዊ ጠባይ ላይ በግልጽ ይታያል። ማሌይክ አሲድና ፉማሪክ አሲድ የአንድ አያያዝ ሲስና ትራንስ ናቸው። ማሌይክ አሲድ ሲሞቅ ሁለቱ የአሲድ ቡድኖች በአንድ ወገን ጎን ለጎን ስለሆኑ ውኃ አውጥተው ይገጥማሉ። በፉማሪክ አሲድ ላይ ግን በተቃራኒ ወገን ስለቆሙ እንዲህ በቀላሉ አይገናኙም።

ደረጃ 7፦ አራት የተለያዩ ነገሮችን የያዘ ካርቦን ፈልጉ

በዚህ ደረጃ አትቸኩሉ፤ ተማሪ በብዛት የሚወድቀው እዚህ ነው።

ሀ. በየካርቦኑ ላይ ሂዱና የያዛቸውን አራት ነገሮች ጻፉ። ሁለት ወይም ሦስት ሃይድሮጅን የያዘውን፣ ድርብ ትስስር ያለውንም ወዲያው ሰርዙ። በ2-ቡታኖል ሁለተኛው ካርቦን ኦክስጅንና ሃይድሮጅን የያዘውን ቡድን፣ ሃይድሮጅን፣ ሜቲልና ኢቲል (ባለሁለት ካርቦን ቅርንጫፍ) ይዟል። አራቱም ይለያያሉ፤ ይህ ካይራል ካርቦን ነው።

ለ. ስታወዳድሩ የመጀመሪያውን አቶም አይታችሁ አትቁሙ። በ3-ሜቲልሄክሴን ሦስተኛው ካርቦን ዙሪያውን ሦስት ካርቦንና አንድ ሃይድሮጅን ነው። ተማሪው «ሦስቱ ካርቦን ስለሆኑ አንድ ናቸው» ይልና ያልፈዋል። ቅርንጫፎቹን እስከ ጫፍ ተከተሏቸው፦ አንዱ ሜቲል፣ አንዱ ኢቲል፣ አንዱ ፕሮፒል (ባለሦስት ካርቦን) ነው። ካይራል ነው።

ሐ. 2-ቡታኖልን በድንች፣ በቀይ ሥርና በሽምብራ ሥሩ። በመስታወት ፊት አቁሙትና በመስታወቱ ውስጥ የምታዩትን ሁለተኛ አድርጋችሁ ሥሩ። አሁን ሁለቱን እንደፈለጋችሁ እያዞራችሁ ለመግጠም ሞክሩ። ሁለት ነገር ሲገጥም ሁለቱ ይጣላሉ፤ የቀኝ እግር ጫማ በግራ እግር እንደማይገባ ማለት ነው። እነዚህ ኢናንቲዮመር ይባላሉ።

መ. ከአንዱ ሞዴል ካይራል ካርቦን ላይ ማናቸውንም ሁለት ነገሮች ነቅላችሁ ቦታ አለዋውጡ። አሁን ከሌላው ጋር ልክ ይገጥማል። በፈተና ወረቀት ላይ ሁለት ሥዕል ሲሰጣችሁ ይህ ትልቅ መሣሪያ ነው፦ አንዱን ወደ ሌላው ለመቀየር ስንት ልውውጥ እንዳስፈለገ ቁጠሩ። ጎዶሎ ከሆነ ኢናንቲዮመር ናቸው፤ ሙሉ ከሆነ አንድ ናቸው። ይህ የሚሠራው አንድ ካይራል ካርቦን ላለው ሞለኪውል ነው።

ሠ. ስም መስጠት ካስፈለገ አራቱን በአቶሚክ ቁጥር ደርድሩ፦ ኦክስጅን ይቀድማል፣ ከዚያ ኢቲል፣ ከዚያ ሜቲል፣ መጨረሻ ሃይድሮጅን። ሃይድሮጅኑን ከዓይናችሁ አርቁና ከአንደኛው በሁለተኛው በኩል ወደ ሦስተኛው ተጓዙ። በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ከሄደ አር፣ በተቃራኒው ከሄደ ኤስ ነው። ሃይድሮጅኑ ወደ እናንተ ዞሮ ከተሣለ መልሱን ገልብጡት፤ ብዙ ነጥብ የሚጠፋው ይህ ስለሚዘነጋ ነው።

ኢናንቲዮመሮች የመፍያም የመቅለጫም ሙቀታቸው እኩል ስለሆነ በእነዚህ አትለዩአቸውም። የሚለያዩት ፖላራይዝድ ብርሃንን (በአንድ ወለል ብቻ የሚርገበገብ ብርሃንን) በተቃራኒ አቅጣጫ በማዞራቸውና ከሌላ ካይራል ነገር ጋር ሲገናኙ ነው። የሰውነታችን ፕሮቲኖች ራሳቸው ካይራል ስለሆኑ፣ ለመድኃኒት ሥራ ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው።

ደረጃ 8፦ ካይራል ካርቦኑ ከአንድ በላይ ከሆነ

ሁለት ካይራል ካርቦን ካለ እስከ 4፣ ሦስት ካለ እስከ 8 ስቴሪዮአይሶመር ሊኖር ይችላል። «እስከ» ያልኩት በምክንያት ነው። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠውን ኢታምቡቶል እዩ። ሁለት ካይራል ካርቦን አለው፤ ግን የሞለኪውሉ ሁለት ግማሾች አንድ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ አር-ኤስ እና ኤስ-አር የሚሉት ሁለት ስሞች አንድን ሞለኪውል ይጠራሉ፤ እርሱም ሜሶ ይባላል። የቀሩት አር-አር እና ኤስ-ኤስ ናቸው። ድምሩ 3 ነው እንጂ 4 አይደለም። መድኃኒት ሆኖ የሚሠራው ኤስ-ኤስ የሆነው ነው።

አር-አር እና ኤስ-ኤስ የመስታወት ምስል ስለሆኑ ኢናንቲዮመር ናቸው። ሜሶው ግን የማናቸውም የመስታወት ምስል አይደለም፤ ከእነርሱ ጋር ያለው ዝምድና ዳያስቴሪዮመር ይባላል። ሲስና ትራንስም በዚህ ስም ሥር ይገባሉ። ዳያስቴሪዮመሮች የመቅለጫና የመፍያ ሙቀታቸው በአብዛኛው ስለሚለያይ በተራ ዘዴ መለየት ይቻላል።

ራሳችሁን ፈትኑ

5 ካርቦንና 10 ሃይድሮጅን ያላቸውን አይሶመሮች ሁሉ፣ ስቴሪዮአይሶመሮችን ጨምራችሁ፣ መጽሐፍ ሳትከፍቱ አውጡ። ትክክለኛው መልስ 13 ነው። ሌላ ቁጥር ካገኛችሁ ቁጥሩ ራሱ የት እንደተሳሳታችሁ ሊያሳያችሁ ይችላል፦

- 5 ካገኛችሁ ድርብ ትስስር ያላቸውን ብቻ ጽፋችኋል፤ ቀለበቶቹን ረስታችኋል። ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።
- 10 ካገኛችሁ መዋቅራዊዎቹ በሙሉ አሉ፤ 5 ባለድርብ ትስስርና 5 ባለቀለበት። ደረጃ 6ን እና 7ን አልሠራችሁም።
- 11 ካገኛችሁ የ2-ፔንቲንን ሲስና ትራንስ አይታችኋል፤ በ1፣2-ዳይሜቲልሳይክሎፕሮፔን ላይ ግን ቀለበትም መዞርን እንደሚከለክል ዘንግታችኋል።
- 12 ካገኛችሁ የቀረችው አንዲት ናት። የዚያው ቀለበት ትራንስ ከመስታወት ምስሉ ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። ሲሱ ግን ሜሶ ስለሆነ አንድ ነው። ሦስት ድንች በቀለበት አያይዙና በመስታወት ፊት አቁሙት።
- 14 ካገኛችሁ ሲሱንም ለሁለት ከፍላችሁት ሊሆን ይችላል። ሞዴሉን ገልብጡትና ከምስሉ ጋር አስተያዩት፤ ይገጥማል።